የአጎቴ የሙርዶ ወለል

አጎቴ ሙርዶ ማክፊ ከገዛ ቤቱ ወለል በቀር ሌላ ቦታ ጨፍሮ አያውቅም። ሰርግ ይጠራል፣ ይሄዳል፣ በልቶ ጠጥቶ ቫዮሊኑ ሲጀምር ግን «እዚህ አልጨፍርም፤ ያማራችሁ ቤቴ ኑ» ብሎ ቁጭ ይላል። ቤቱ ሲሄዱም ከእሱ በቀር ማንም እዚያ ወለል ላይ እንዲጨፍር አይፈቅድም። በካናዳዋ ደሴታችን በኬፕ ብሪተን እንደሱ እግሩ እንደ ደወል የሚጮህ ሰው አልነበረም። ይጮኻል ነው የምላችሁ! የእኛ ጭፈራ ወለሉን በእግር መምታት ነውና፣ ተረከዙ ወለሉን ሲነካ ቤቱ በሙሉ ያስተጋባል። ሰዉ ለእግሩ ሲል ኩራቱን ይችልለት ነበር። እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነገሩ ይከነክነኛል። ኢሽቤል ነገር ፈልፋይ ናት ይሉኛል፤ ነኝ፣ ምን ይጠበስ!

ቤቱን የሠራው ከስኮትላንድ በመርከብ የመጣው የሙርዶ ቅድመ አያት ነው። አሁን ጣሪያው ያፈስሳል፣ የታችኛው ወራጅ እንጨት በስብሷል። ማዘጋጃ ቤቱ ወይ ይታደስ ወይ ይፍረስ ብሏል። ማሳደሻ ከየት ይምጣ? የቀረን ተስፋ አንድ ነው፦ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ከመዘገበው እነሱ ያድሱታል፣ አጎቴም እዚያው ይኖራል። ካልሆነ እዚሁ ደሴታችን ላይ ሲድኒ የምትባለው ከተማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ይጠብቀዋል።

«እዚያ ከምትወስዱኝ ከነቤቱ አፍርሱኝ» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አልቀለደም።

ክሌር ቡድሮ የምትባል የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ባለሙያ ከሃሊፋክስ ከተማ መጣች። የአጃ ቂጣ ጋግሬ፣ ሻይ አፍልቼ ጠበቅኳት። ቂጣዬን እየበላች ግድግዳውን ስታንኳኳ፣ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና አንገቷን ነቀነቀች። ይፈረድባታል? ሙርዶ ንፋስ ገባብኝ ብሎ ውጪውን ፕላስቲክ አልብሶታል፣ መስኮቶቹን በሙሉ በአሉሚኒየም ቀይሯል።

«አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ኢሽቤል» አለችኝ። «ታሪኩን አምናለሁ። ግን ከድሮው የቀረ አንድ ነገር ማሳየት አለብኝ፤ እዚህ ምንም አላየሁም።»

አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል።

ልጅቷ ስኒዋን ልታስቀምጥ ወደ ምድጃው ስትራመድ ቦት ጫማዋ ወለሉ ላይ ጮኸ። ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለች፤ ድፍን ያለ ድምፅ። ተመለሰች፤ ያ የማውቀው ድምፅ።

«እዚህ ስር ምንድነው ያለው?»

«አፈር» አለ ሙርዶ ፈጠን ብሎ።

«አፈር እንዲህ አይጮህም፣ አባባ። አንድ ሳንቃ ብናነሳ ይፈቅዱልኛል?»

«አይነካም!» ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

እጁን ይዤ ወደ በረንዳ ጎተትኩት። ደሜ ፈልቷል። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ቤትህን ልታድንልህ የመጣችን ልጅ ትጮህባታለህ? ሲድኒ ሄደህ በማንኪያ ሲያጎርሱህ ያን ጊዜ ወለልህን እቀፍ!»

ቀስ ብሎ «ኢሽቤል፣ ሳንቃው ከተነሳ እኔ ማን እሆናለሁ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ እሱ ግን እግሩን እያየ ነበር።

ከዚያ ገብቶ ስልኩን አነሳ። የደወለው ለጎረቤታችን ለፊንሌ ነው። ፊንሌ ዕድሜውን ሙሉ ከሙርዶ ቀጥሎ ሁለተኛ ጨፋሪ ሲባል የኖረ፣ ከአጎቴ ጋር ሲነካከስ ያረጀ ሰው ነው።

«ፊንሌ፣ ቶሎ ና። የምትስቅበት ነገር አለልህ። የጭፈራ ጫማህንም አድርግ።»

ፊንሌ እያለከለከ መጣ። ሙርዶ የብረት መፈንቀያውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ተንበርክኮ ሳንቃውን አነሳ። ሁላችንም አጎነበስን።

«በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ። ከታች በረድፍ የተደረደሩ የፈረስ ራስ ቅሎች በባዶ ዓይናቸው ያዩናል።

ልጅቷ በሆዷ ተኝታ፣ ባትሪዋን አብርታ ጭንቅላቷን አስገባች። ሙርዶ ለእሷ ሳይሆን ለፊንሌ ተናገረ።

«ቅድመ አያቴ ነው የቀበራቸው። በአገራቸው የሚጨፈርበት ወለል ስር እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ባዶው ራስ ድምፁን ተቀብሎ ያጎላዋል። አባቴ ልጅ ሆኜ አሳየኝና ዝም በል አለኝ። ዝም አልኩ። እግሬ እንዳንተው እግር ነው። በል አሁን ሳቅ!»

ፊንሌ አልሳቀም። ፊቱ ቀላ። «አንተ ሌባ! ሚስቴ እንኳ ‹ምነው እንደ ሙርዶ በመታህ› እንዳለችኝ ሞተች እኮ!»

«አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ልጅቷ አቧራ እንደለበሰች ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስለዚህ ነገር አንብቤያለሁ፤ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ይሄ ቤትማ አይፈርስም፣ አባባ! እርስዎም የትም አይሄዱም።»

አጎቴ ደስ ያለው አይመስልም። ሳንቃውን ወደ ቦታው መለሰና «ፊንሌ፣ ውጣበትና ምታ» አለው።

«እኔ?»

«ታዲያ ፈረሶቹ ራሳቸው ይጨፍሩ?»

ቫዮሊን አልነበረም። እኛ ዘንድ ቫዮሊን ሲጠፋ አፍ ይተካዋል፤ እኔም እያጨበጨብኩ ፈጣኑን ዜማ በአፌ ያዝኩለት። ፊንሌ እያመነታ ጀመረ፣ ከዚያ ጉልበቱ ተፍታታ። ቤቱ ጮኸ! የራሱ እግር ያን ድምፅ ሲያወጣ ሰምቶ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ዞር ብዬ አጎቴን አየሁት። ምድጃው አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። አንጀቴን በላው። ስሙን በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጠ አልኩና ዜማዬን አቋረጥኩ።

«አጎቴ፣ ይቅር እንዴ? ይቁም?»

«ዝም በይ አንቺ!» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሁልጊዜ ላዩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከወንበር ሆኜ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ያምር ነበር እንዴ? ፊንሌ፣ እንዳትቆም!»