ከቁም ሳጥኑ ወዲያ

ፍርድ ቤቱ አናጺውንና ልብስ ሰፊዋን ሲያፋታቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ የት ታድራላችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። መፋታትም እንደ መጋባት አቅም ይጠይቃል፤ ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው ግን አይገኝም። እሱ ሥራ ተቀዛቅዞበታል፤ እሷም ከስፌት መኪናዋ የምታገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ኪራይ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ ተፋተው ሲመለሱ የገቡት እዚያችው የተጣሉባት አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

አናጺው ለሠርጋቸው በገዛ እጁ የሠራውን ቁም ሳጥን ጎትቶ ክፍሏን እኩል ከፈለበት። በሩ ወደ እሷ፣ ጀርባው ወደ እሱ ሆነ። ጀርባው ላይ ምስማር መታና ልብሱን ሰቀለበት። ትንሿ ልጃቸው ግን ድንበር የሚባል ነገር አታውቅም፤ እንቅልፍ የጣላት ጋ ታድራለች። በማግስቱ ጠዋት አናጺው ጣውላውን አንኳኳና፣ "ጎረቤት፣ ጨው ይኖርሻል?" አላት። ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ቀረና ጎረቤት ተባባሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ በትዳራቸው ጊዜ እንዲህ ተከባብረው አያውቁም። ያጣላቸው ማጣት አሁንም እዚያው ነበር፤ ግን ጎረቤቷን ለምን ባዶ እጅህን መጣህ ልትለው ነው? ስታስል ከሰማ ሻይ አፍልቶ በቁም ሳጥኑ ጎን ያቀብላታል። ክረምቱ ገባና ጣሪያው በእሱ በኩል አፈሰሰ፤ ፍራሹም ራሰ። እሷም "እንግዲህ ጎረቤቴን ውኃ ሲወስደው ዝም ብዬ አላይ" ብላ ወደ እሷ በኩል አስገባችው። ዝናቡ ደግሞ የዚያን ቀን ብቻ አልዘነበም።

ክረምቱ ሲወጣ ማርገዟን አወቀች። የመጀመሪያዋን በወግ በማዕረግ ወልዳ፣ ሁለተኛውን ከዚያው ሰው፣ በዚያው ክፍል፣ ያለ ጋብቻ ልትወልድ ነው። ለብቻዋ ሳቀች፤ አፈረችም። ከሁሉም በላይ ግን ደስ አላት፤ ኋላ የጎዳትም ይኸው ደስታዋ ነው። ቁም ሳጥኑን ወደ ግድግዳው እንመልሰው ልትለው ቆርጣ፣ ከሥራ እስኪመጣ ድረስ አንዱን ኮሌታ ስትሰፋና ስትፈታ ዋለች።

ሲገባ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ወሬውንም እሱ ቀደማት። ግቢዋ ውስጥ ሰፊ መጋዘን ያላት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ሊጋቡ ተነጋግረዋል፤ መጋዘኑን የእንጨት መሥሪያ ያደርገዋል። ለልጁ የሚገባትን አያጓድልም፤ ክፍሉም እንዳለ ለእሷ ይቀርላታል። ይህን ሁሉ እንደ ምሥራች ነው የነገራት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማጣት አንገሽግሾት ነው።

"እኔ ደግሞ አርግዣለሁ" አለችው።

አናጺው ጣውላውን ተደገፈ። ስትገላበጥ፣ በእንቅልፍ ልቧ ስታወራ ሲሰማት የኖረው ሰው፣ በዚያ ክፍል በር ሌላ ወንድ ገብቶ እንደማያውቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሽቶ፣ "የማን ነው?" አላት።



"የጎረቤቴ" አለችው።

ዕቃውን በጋሪ ጭኖ በወጣ ቀን፣ ለአከራይዋ "እትዬ፣ ጎረቤቴን አደራ" ሲል ከውስጥ ሆና ሰማችው። አከራይዋ ቀልዱን ለምደውታልና ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ቁም ሳጥኑን ትቶላታል። ልብስ ሰፊዋ እንደምንም እየገፋች ወደ ግድግዳው ወሰደችው፤ ልብሱን ይሰቅልባቸው የነበሩት ምስማሮች ግን አላስጠጋ አሉት። መንቀያውን ደግሞ ይዞት ሄዷል። ትንሿ ልጅ በቀረው ክፍተት ሾልካ ገብታ፣ ሳቋን አፍና፣ ጣውላውን አንኳኳች።

"ጎረቤት!" አለች፣ ድምፅዋን እንደ አባቷ አወፍራ።

እናቷ ከወዲህ ሆና የቁም ሳጥኑን በር መልሳ አንኳኳችላት።