ሠራተኛ የሌለው ጣቢያ

«ሠራተኛ የለውም ስትይኝ፣ ለምሳ ወጥቶ ነው ወይስ ከነጭራሹ የለም?» አሉ ወይዘሮ እናኑ።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠችው ያምሮት የውሃ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠችና እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። ጃፓን ገጠር ውስጥ ያለው የባቡር ጣቢያ ድሮ ሠራተኛ ነበረው። የአገሩ ወጣት ወደ ከተማ ሲፈልስ ተሳፋሪው አነሰ፤ ሠራተኛውም ተነሣ። አሁን ያለው አንዲት የእንጨት ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ባቡሩ ግን የሚወርድም የሚሳፈርም ባይኖር በሰዓቱ ይቆማል፤ በሩን ከፍቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ዘግቶ ይሄዳል። የእናኑ ልጅ ደረሰ የሞተው እዚያች አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

እናኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው ግን አይመስልም። ልጃቸው ከተቀበረ ዛሬ ሠልስቱ ነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት ከፍኖተ ሰላምም ከገጠሩም ለቅሶኛው ሲጎርፍ፣ ጎረቤት በየተራ እዝን ሲያመጣ፣ እሳቸው እንባ አልወጣቸውም። ሬሳው ከጃፓን የመጣው በታሸገ ሣጥን ነበር። አይከፈትም ተባለ። ወንድማቸው መሪጌታ ቴዎፍሎስ ፍትሐቱን አደረሱ፤ እናኑ ግን አፈሩ ሲመለስ እንደ ሌላ ሰው ቀብር ቆመው አዩ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው በዛ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሣጥኑ ቀለለን አለ፤ ሌላው ከበደን አለ። ከደምበጫ የመጣች ዘመድ፣ ያ አገር ሬሳ የሚያቃጥል አይደለም ወይ፣ ሣጥኑ ውስጥ ታዲያ ምን አለ ብላ አጠገቧ ላለችው አንሾካሾከች። እናኑ ሁሉንም ሰሙ፤ ሁሉንም አመኑ። አስካለ ማርያም የምትባለው አልቃሽ «ደረሰ ይሉኛል፣ የት ነው የደረሰው» ብላ ሙሾ ስታወርድ፣ ስሙን ጠርታ ይሁን መንገዱን ጠይቃ ስላልለየላቸው ቀና ብለው ወደ በሩ ተመለከቱ።

ደረሰ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ባለሙያ ነበር። ሱሪውን ጠቅልሎ ከገበሬው ጋር ጭቃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ሊበን ገበያ ላይ የሚያገኙት ሁሉ ባለሙያ መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር። ለስድስት ወር የሩዝ ሥልጠና ጃፓን ትሄዳለህ ሲባል አገሩ ተደሰተ። እናኑ ግን ተቀየሙ። ለሚያዝያ የተቆረጠው ሠርጉ ሊተላለፍ ነው፤ ለእጮኛው አባትም እንደገና ሽማግሌ ሊላክ ነው። በሚሄድበት ማለዳ ጉልበታቸውን ሲስም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መናኸሪያ ድረስ የሸኙት አጎቱ መሪጌታ ብቻ ነበሩ።

ይህን ለማንም አልተናገሩም። አሁንም የጠየቁት ሌላ ነው፤ እዚያ ባዶ ቤት ምን ይሠራ እንደነበር።

ያምሮት የቡሬ ልጅ ናት። ከደረሰ ጋር አብራው ስትሠለጥን ቆይታ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ወደ አገሯ የገባችው ትናንት ነው። እሑድ እሑድ ከማሠልጠኛው በእግሩ ሄዶ እዚያ ይቀመጥ እንደነበር ነገረቻቸው። አንድ ቀን አብራው ሄዳ የጣቢያውን ምኑን እንደሚወድ ጠይቃዋለች።

«ባቡሩ ማንም ባይኖር ቆሞ በሩን ይከፍታል አለኝ። እናቴም እንዲህ ናት፣ ተቆጥታ እንኳ በሯን አትዘጋም አለኝ፣ እማማ።»

እናኑ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። ብቻውን ሞተ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

ልቡ ነው ድንገት ቀጥ ያለው፣ አለች ያምሮት። ጣቢያውን ማንም ሳያዛት በየቀኑ የምትጠርግ አንዲት አሮጊት ነበረች። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት አልፋው ነበር፤ ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ ግን አለመነሣቱን አየች። ሹራቧን አውልቃ አለበሰችው። አምቡላንሱ እስኪመጣም አጠገቡ ተቀምጣ፣ እንዳይወድቅ በትከሻዋ ደግፋው ቆየች።

«በትከሻዋ?»

«አዎ። ቋንቋውን ባትችልም ታወራው ነበር አሉ።»

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች አቀርቅረው አለቀሱ። እናኑ ግን ዓይናቸውን ከያምሮት ላይ አላነሡም።

«እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ? ያች ባልቴት አታውቀው። ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

መሪጌታ እህታቸውን ተይ እንግዲህ አሏቸው።

«ሆስፒታል ጠርተው አሳይተውኛል፣ እማማ» አለች ያምሮት። «ፊቱን አየሁት። ከቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቴ ነካኋት።»



«በየትኛው ጣትሽ?»

ያምሮት ግራ ገብቷት በሌባ ጣቴ አለችና ቀኝ እጇን ዘረጋች። እናኑ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለይተው ሌባ ጣቷን አገኙ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣቷን ከገዛ ቅንድባቸው በላይ አኖሩት።