ውሃው የደረሰበት

ልብስ ሰፊዋ ስትቆጣ አትጮኽም። ብትጮኽ ለሰፈሩ በተሻለ ነበር፤ የሚጮኽ ሰው ሲደክመው ዝም ይላል። እሷ ግን ስትቆጣ ሥራ ትጀምራለች። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ተኳርፈው የሱሪዎቹን ሁሉ እግር አሳጥራ ሰፍታ አስቀመጠችለት ይባላል። እውነት ይሁን ሐሜት፣ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቆርቆሮ ቀይ የዘይት ቀለምና አንድ ጥቅል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይዛ ደጃፏ ላይ ብቅ ስትል፣ ያየ ጎረቤት ሁሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይም የደንበኛውን ግማሽ ራስ ትቶ በሩ ላይ ወጣ።

ቤቱ የአባቷ ነው። አባትየው ሲሞቱ መሐሉን በግንብ ተከፍሎ ለሁለት ልጆች ደረሰ፤ ጣሪያው አንድ፣ በሩ ሁለት። በላይ በኩል ያለው የእሷ ነው። መንገዱ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት በኩል ያለው ደግሞ የታላቅ ወንድሟ፣ የሾፌሩ። ሾፌሩ አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ ሰው መንዳት ግን አላቆመም።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሁለቱንም ቤት ገባባቸው። አገባቡም እንደ ጨዋ እንግዳ ነበር። መጀመሪያ ደጃፉን አረጠበ፣ ቀጥሎ ምንጣፉን፤ "ይሄማ ይመለሳል" ሲባል ሦስቱን የስፌት መኪናዎቿንና ለትምህርት ቤት የቆረጠችውን የዩኒፎርም ጨርቅ በጭቃ ለወሰው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ዝም ብሎ ተረት አይደለም።

ያ ግን አይደለም ያንገበገባት። ወንዝ ወንዝ ነው፣ ማንን ትወቅሳለች? ያንገበገባት ውሃው ከጎደለ በኋላ ከወንድሟ ጋር ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዳ የሰማችው ነው። የሁለቱንም ቤት ኢንሹራንስ የሚዋዋለው ወንድሟ ነበር። እሷ ድርሻዋን እየሰጠችው "ወንድም ይኑረኝ እንጂ" እያለች በሰላም ትተኛለች። የቢሮው ወጣት ታዲያ አንገቱን ደፍቶ አስረዳት።

"እናቴ፣ የእናንተ የቤት ኢንሹራንስ ነው። እሳት፣ ሌባ፣ የፈነዳ ቧንቧ፣ ነፋስ ጣሪያ ገንጥሎ የሚያስገባው ዝናብ፣ ይሄን ይሸፍናል። ከወንዝ ተነስቶ በመሬት የመጣ ውሃ ግን ጎርፍ ነው። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገዛው።"

"ታዲያ ምነው አልነገራችሁን?"

"ሰፈራችሁ በካርታው ላይ የጎርፍ ቀጠና ውስጥ ነው። ለጋሼ በተዋዋሉ ቁጥር እነግራቸዋለሁ። 'አባታችን ሲኖር ወንዙ ደጃፋችንን ረግጦ አያውቅም' ብለው ይተዉታል።"

እሷ ወደ ወንድሟ ዞረች። ወንድሟ ደግሞ ወደ ኮርኒሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሁለቱ በሮች መካከል "እንደምን አደርክ" እንጂ ሌላ ነገር አላለፈም።

አሁን ሾፌሩ ድርሻውን ሊሸጥ ነው። ጭቃውን አጠበ፣ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም ኖራ ቀባ፣ ከዚያ ቤት ለቤት ዞሮ "የውሃ ወሬ እንዳይነሳ አደራ" አለ። ነገ ሌላውም ሻጭ ነውና ሁሉም የየራሱን ግድግዳ እያሰበ አፉን ለጎመ። ገዢዎቹ አንዲት ነርስና ዳቦ ጋጋሪ ባሏ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው፤ ያላቸው ሁሉ የሚገባው እዚህ ቤት ላይ ነው። ቅዳሜ ረፋድ አንድ ጊዜ ደግመው አይተው ሊዋዋሉ ተቀጣጥረዋል። ይህን ሰፊዋ ታውቃለች። እሷ ዝም ካለች እሷን ያገኛት ነርሷን ያገኛታል፤ ከተናገረች ደግሞ ወንድሟ ቤቱን አይሸጥም፣ ወንድምም አይሆናትም።

ቁም ሳጥኗን ፈቀቅ ብታደርግ ከጀርባው የውሃው ምልክት አሁንም አለ፤ ቡናማ ነው፣ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ያለ። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ቱቦውን ውሃ ሞላችው። አንዱን ጫፍ ከምልክቱ ትይዩ አሰረች፣ ሌላውን በበሩ ወደ ውጭ ጎተተች። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ይቆማል፤ የት ደርሶ እንደነበረ ራሱ ይናገር ብላ ነው። ከዚያ ክር ወጠረች፣ በልብስ ጠመኔ አሰመረች፣ ቀዩን ቀባች። መስመሩ ከወገቧ ትይዩ ግድግዳውን ይዞ ሄዶ የአሸንዳው ቱቦ ጋ ሲደርስ አቆመች። ከዚያ ወዲያ የወንድሟ ነው።

ሾፌሩ በነጠላ ጫማ ወጣ። "ምን እየሠራሽ ነው?"

"ግድግዳዬን።"

"ሰው ሊመጣብኝ ነው እኮ።"

"ይምጣ። መንገዱ የሁሉም ነው።"

"የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች አሉ።"

"የኔማ አሯል ወንድምጋሼ። ያሳረርከው አንተ ነህ።"

"እህትነትሽ የት ሄደ?"

"ከመኪናዎቼ ጋር ጭቃው ውስጥ ነበር። ስትጠርግ አላየኸውም?"

ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ሌላ ክረምት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ማደር አልችልም።"

እዚህ ላይ አንጀቷን በላት። ያን ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ስትጎትተው እንደ ሕፃን እጇን ጨብጦ ነበር። "እነሱስ?" አለችው ለስለስ ብላ።

"እነሱማ ወጣት ናቸው።"

ይቺ መልስ ጨረሰቻት። ብሩሿን ቀለሙ ውስጥ መልሳ ነከረች።

ገዢዎቹ መጡ። ነርሷ ከሰላምታው በፊት ዓይኗ መስመሩ ላይ አረፈ። "ያምራል።"

"እህቴ ናት" አለ ሾፌሩ ፈጠን ብሎ። "ሰፊ ስለሆነች ቤቱንም ጥለት ልታወጣለት ነው።"

"በእኛም በኩል ቢቀጥል ደስ ይለኛል።"

ሰፊዋ ቀና አለች። "ልቀጥልላችሁ። ባለቤትሽ የቱቦውን ጫፍ ይያዝልኝ።"

"ኧረ ተይ፣ ትደክሚያለሽ።"

"አልደክምም ወንድምጋሼ። ጌጥ አይደል?"

ሾፌሩ በገዛ አፉ ተያዘ። ዳቦ ጋጋሪው እጅጌውን ሰብስቦ ጫፉን ያዘ፤ ውሃው እስኪረጋ እየጠበቀ፣ በየእርምጃው በጠመኔ ምልክት እያደረገ ቁልቁል ሄደ። እሷ በቀዩ ተከተለችው። የመጀመሪያው መስኮት ጋ መስመሩ ደፉን ነካ። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ ሰውየው ቆመ።

"እህቴ፣ የሆነ ነገር ተሳስቷል። እዚህ ደረቴ ጋ ደረሰ፤ መስኮቱ መሐል ላይ ወጣ።"

"አልተሳሳተም። የወረደው መንገዱ ነው።"

"ከመስኮቱ በታች ዝቅ አድርጊውና ይለፍ" አለች ነርሷ እየሳቀች።

"እኔም ለምኜው ነበር፣ አልሰማኝም። ባለፈው ክረምት ወንዙ የቆመው እዚህ ነው።"

ነርሷ ሳቋን ሳትጨርስ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። የልጁ አልጋ እዚያ ይሆናል ያለችውን ጥግ ነው የምታየው። "ጋሼ፣ እውነት ነው?"

ሾፌሩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ሊል አፉን ከፈተ። ቀድማ የተናገረችው ግን የገዛ ሚስቱ ናት፤ መቼ እንደወጣች ማንም ሳያያት በሩን ተደግፋ ቆማለች። "ልክ ነው። ጣሪያው ላይ ሳንወጣ በፊት እኔ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ሳየው ነበር።"

"የጎርፉን ካርታ ጠይቁ" አለች ሰፊዋ። ለነርሷ ነው የምትናገረው፤ ግን መጋረጃዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ አድርጋ ነው። "ቀጠናው የቱ ነው በሉ። 'ኢንሹራንስ አለው' ሲሏችሁ 'የምኑ?' በሉ። የጎርፉን ለብቻው፣ በበጋ ግዙት፤ ደመና አይቶ ለሚሮጥ ሽፋኑ ወዲያው አይጀምርም። ዋጋውንም ይሄን መስመር እያያችሁ ተነጋገሩ። ከዚህ በኋላ ብትገዙም ባትገዙም ዓይናችሁ ተገልጦ ነው። እኔ ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው አጥቻለሁ። አንድ ሰው፣ በዚህ ሁሉ መስኮት።"

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ደንበኛው ግማሽ ራስ ተመለሰ። ገዢዎቹ "እናስብበታለን" ብለው ሳይዋዋሉ ሄዱ።

"ቤቴን ገደልሽብኝ" አለ ሾፌሩ።

"ሞቶ ነበር። አንተ ኖራ ቀባኸው።"

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ወጥቶ በቀዩ ላይ ኖራ ደረበ። የዘይት ቀለም ግን ኖራ አይቀበልም፤ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ መስመሩ ከሥር ሮዝ ሆኖ ይመለሳል። ደገመው። ሮዙም ደገመ።

ፀጉር አስተካካዩ ዝምታው ከብዶት ይመስላል፣ ከበሩ ላይ ምክር ወረወረ። "ጋሼ፣ ወፍሮብሃል። ትንሽ ውሃ ጨምርበት።"

ከላይኛው ቤት መስኮት፣ ከሦስቱ የስፌት መኪናዎቿ አስጠግና ካተረፈቻት ከአንዷ ኳኳታ ጋር፣ የሰፊዋ ድምፅ መጣ።

"ተወው፣ ወንዙ ይጨምርለታል።"

ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ብሩሹ እየተንጠባጠበ ቆሞ ቀረ፤ መስመሩ ልክ ከደረቱ ትይዩ ነበር። መኪናዋ ሳታቋርጥ ትሰፋለች።