ሁለት ዶሊ፣ አንድ በር

ፊልም ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ፣ ከጭነት መኪናው ስድስት ሰው ተጋግዞ ሲያወርደው ፑንጎዲ ላለማየት ፊቷን አዞረች፣ ግን ዓይኗ አልታዘዝ አላት። ምን ታድርግ፣ ያምራላ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም ጎማ ያለው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ እንደ ቀጭኔ አንገት ቀስ ብሎ የሚነሳ ክንድ፤ ሲነሳ እኮ እስትንፋስ የሚያህል ድምፅ እንኳ አያሰማም። ካሜራውን ከነአንሺው ተሸክሞ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ዶሊ ነው። የእሷና የአባቷም ስሙ ዶሊ ነው፣ ግን ከዚህኛው አጠገብ ሲቆም በቃ አልጋ መሰለ። የብረት ቱቦ፣ ከላዩ ጣውላ፣ ከስሩ ስምንት ትናንሽ ጎማ፣ አለቀ።

"ማሲላማኒ፣" አለ ከአዲሱ ዶሊ ጋር የመጣው ዴቫሳሃያም፣ የሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ፣ "ትራሱን ቤት ረሳኸው?"

የፑንጎዲ አባት ማሲላማኒ ቀና ብሎም አላየው። ተንበርክኮ ውሃ ልኩን ሐዲዱ ላይ አድርጎ አረፋዋን ያያል። የተንበረከከውም እንደምንም ነው፣ ጉልበቱ ካበጠ ዓመቱ ነው፣ ለዚህ ነው የምትገፋው እሷ የሆነችው።

"የራስህን ጠብቅ ጋሼ ዴቫ፣" አለች ፑንጎዲ፣ "ይሄ እንደሆነ ሲደክመን እንተኛበታለን። ያንተ ሲደክምህ ምን ይሠራል?"

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ካሜራ አንሺዋ እትዬ ኩይሊ ዛሬ ረፋድ ላይ ሁለቱንም ሞክራ አንዱን ትመርጣለች፣ የተመረጠው ካራይኩዲ ከተማ ወርዶ፣ ፊልሙ በሚቀረጽበት ትልቅ አሮጌ ቤት ውስጥ አርባ ቀን ይሠራል። እነሱን ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ማንም አልጠራቸውም። ትናንት አባቷ በር ላይ ከቆራሌው ጋር ሲነጋገር ሰምታለች፤ ዛሬ ካልተመረጠ ነገ ጠዋት መጥቶ በኪሎ ይወስደዋል። በኪሎ። ያንን ዶሊ። በልጅነቷ እላዩ ላይ ተቀምጣ ስንቱን ስቱዲዮ ያየችበትን ዶሊ።

አባቷ ልኩን ጨርሶ ከኪሱ ሎሚ አወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራቱን ዳር ዳር ካሉት ጎማዎች ስር አስቀመጠ፣ ቀይ ዱቄት ቀባ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ያለ ሎሚ ሥራ አይጀምርም፤ የሰው ዓይን ሎሚው ላይ ይረፍ ብሎ ነው። "ግፊው፣" አላት። ገፋችው። ሎሚዎቹ ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ አሉ። ዴቫሳሃያም በበኩሉ ክርስቲያን ስለሆነ አማተበ።

እትዬ ኩይሊ መጣች። አጭር ሴትዮ ናት፣ ቃል አታባክንም። ፊት ለፊት ከኮምፔንሳቶ የተሠራ በር ቆሟል፣ ስፋቱ ልክ እንደ ካራይኩዲው ቤት በር፣ ስልሳ ሰባት ሳንቲሜትር። ከበሩ ወዲያ የፊልሙ ልብስ ሰፊ በተዋናይዋ ፈንታ ቆማለች። ካሜራው በበሩ አልፎ ፊቷ ላይ ደርሶ መቆም አለበት፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይዘገይ።

"ረጅሙን ሌንስ ነው የማደርገው፣" አለች። "በዚህ ሌንስ ጉንዳን ብትረግጡ እንኳ አያለሁ። አዲሱ ይቅደም።"

ዴቫሳሃያም ገፋ። ወይ ጉድ፣ ቅቤ ነው በቃ። ክንዱ ተነሳ፣ እስከ ልብስ ሰፊዋ ፊት ቁመት ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። አያልፍም። ዴቫሳሃያም ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ሰበሰባቸው፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት፣ ከዚያ አለፈ። ግን በተጠጋጉት ጎማዎች ላይ ቆሞ ክንዱን ሲያነሳ ጫፉ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወዲያ ወዲህ አለ።

"እም፣" አለች እትዬ ኩይሊ። እም ማለት ምን ማለት ነው? "አሮጌው።"

ፑንጎዲ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። እትዬ ኩይሊ ጣውላው ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች። ፑንጎዲ ገፋች። በሩን እንደ ድመት አለፈችው፣ ግራና ቀኙ ጣት ሙሉ እየተረፈ። ተደሰተች፣ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ከዚያ በእጇ ሰማችው። ጠቅ። ትንሽ ቆይቶ ጠቅ። ደግሞ ጠቅ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች እትዬ ኩይሊ። "የሴትየዋ ዓይን ይዘላል።"

"አልጋው አንኮራፋ፣" አለ ዴቫሳሃያም።

እትዬ ኩይሊ ሰዓቷን አየች። "ሩብ ሰዓት። አንዴ ትሞክራላችሁ፣ ከዚያ እወስናለሁ።"

አባቷ ሐዲዱ ላይ ተደፋ። "መጋጠሚያው ነው፣" ይላል፣ ጣቱን እየሰደደ፣ ሽብልቅ እያነሳ ሽብልቅ እየጣለ፣ ላቡ ውሃ ልኩ ላይ ይንጠባጠባል። ፑንጎዲ ግን አላመነችም። መጋጠሚያ ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ጠቅ የሚለው፤ ይሄ እኮ አብሯቸው ይሄዳል። ካሜራውን ካወረዱላት በኋላ ዶሊውን በጎኑ አቁማ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ሦስተኛው ላይ አገኘችው። የሎሚ ፍሬ። ተጠፍጥፎ፣ በቀዩ ዱቄት ታሽቶ፣ ጎማው ላይ እንደ ብጉር ተጣብቋል። ድሮ ጎማው ብረት ነበር፣ ሎሚውን ጨፍልቆት ያልፋል። አባቷ ለዛሬ ብሎ፣ እንዲለሰልስላቸው ብሎ፣ ባለፈው ሳምንት ነው በላስቲክ የቀየረው።

ጨርቅ አነሳች።

"አትንኪው።" አባቷ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ።

"አባዬ፣ ፍሬው ነው የሚያንቀጠቅጠን።"

"ሎሚውን ከጎማ ጠርጌ ገፍቼ አላውቅም። አንድ ቀን ያለ ሎሚ ብንጀምር አብሮኝ ይገፋ የነበረው ሙሩጌሳን እግሩ እንዴት እንደተሰበረ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ተይው። ሐዲዱን አስተካክላለሁ።"

ዴቫሳሃያም በሩቁ ሻይ እየጠጣ ያያቸዋል። አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ፑንጎዲ አባቷን መጋፋት አትችልም፣ ጨርቁን ይዛ ቆማለች፣ ቆራሌው ሚዛኑን ይዞ ታያት። ጨርቁን ትጣለው? ተደብቃ ትጥረገው? ሁለቱንም አልቻለችም። ከዚያ በቃ ከአፏ ወጣ።

"አባዬ፣ የሰው ዓይን የጠጣ ሎሚ የት ነው የሚጣለው?"

"መስቀለኛ መንገድ ላይ። ምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ቤት ይዞ ይገባል?"

"ማን አባቱ ይዞ ይገባል።"

"እና ይሄን ማን ይዞት ነው የሚዞረው?" ጎማውን አዞረችለት። "የዴቫን ዓይን፣ የሁሉንም ዓይን ጠጥቷል አይደል? ጎማችን ላይ ለጥፈነው እየገፋነው እኮ ነው።"

አባቷ ፍሬዋን አየ።  ከዚያ እንደምንም ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ጨርቁን ከእጇ ነጠቃት። የሚቀጣት መስሏት ነበር። በጥፍሩ ፍሬዋን ፈንቅሎ አወጣት፣ ጎማውን በላምባ አሸ፣ የሚቀጥለውን አሸ፣ ስምንቱንም። "ሐዲዱን ጥረጊ፣" አለ፣ "ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ።" ፍሬዋንና የተጨፈለቁትን ሎሚዎች በወረቀት ጠቅልሎ እያነከሰ ወደ ውጭ፣ ወደ መስቀለኛው መንገድ ሄደ። ሳይመለስ ሰዓቱ ደረሰ።

"እንጀምር፣" አለች እትዬ ኩይሊ።

ብቻዋን ነች። ካሜራው እንዳይነቃነቅ ክርኗን ከጎኗ አጣበቀች። ትንፋሿን ያዘች። ገፋች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ጠቅ ሊል ነው ብላ ጠበቀች። አላለም። በሩ መጣ፣ አለፈ። ከዚያ መቆሚያው፤ ሐዲዱ ላይ የኖራ ምልክት አለ፣ ቀድሞ መልቀቅ ነው፣ አባቷ ሁሌ "ከመድረሷ በፊት ተሰናበቻት" ይላታል፤ ለቀቀች፣ ዶሊው በራሱ ሄዶ ሄዶ ምልክቱ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ቆመ።

እትዬ ኩይሊ ዓይኗን ከካሜራው አነሳች። ወርዳ የሁለቱንም ምስል መልሳ አየች። ደግማ አየች። ዴቫሳሃያም ሻዩን አስቀመጠ።

"ያንተ ክንዱ ያምራል፣" አለችው። "ግን ያ ቤት አሥራ ሰባት በር አለው፣ በየበሩ ሃያ ደቂቃ ልጠብቅህ አልችልም።"

"ይሄ እኮ አይነሳም እትዬ።"

"ተዋናይዋ ትቀመጣለች። ያኔ ካሜራው መነሳት አያስፈልገውም።"

አባቷ ስቱዲዮው መግቢያ ላይ ቆሟል፣ መቼ እንደገባ አላየችውም። እትዬ ኩይሊ ወደ ፑንጎዲ ዞረች።

"ሰኞ ካራይኩዲ እንገናኝ። አሥራ ሰባቱንም በር ራስሽ ትለኪያለሽ፣ የሰው ልኬት አላምንም።"

"እሺ እትዬ፣" አለች ፑንጎዲ። የዶሊያቸው ጣውላ ላይ ቁጭ አለች።

"አሁንስ አልጋ ሆነ፣" አለ ዴቫሳሃያም፣ ኬብሉን እየጠቀለለ።