ማንጎ በወረቀት ላይ

"ብርቱካን?"

"ኦሬንጅ።"

"ሙዝ?"

"ባናና። እማዬ፣ ውሃ ጠማኝ።"

"ስንወጣ ትጠጫለሽ። ማንጎ?"

"ማንጎ!" አለች ላሊሴ። ይህችኛዋ ጥያቄ ሁልጊዜ ታስቃታለች።

ፀዲ የልጇን አፍ በመሐረብ ጠረገችና ሰልፉን እንደገና ቆጠረች። ከፊታቸው ዘጠኝ ልጆች ቀርተዋል። ሰኔ ገና ከመግባቱ የቡራዩን መንገድ አጨቅይቶታል፤ ከአሸዋ ሜዳ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ልጅቷን አዝላ የመጣችው ነጭ ካልሲዋ እንዳይቆሽሽ ብላ ነው።

ከፊቷ የቆመችው ወፍራም ሴት ዞር አለች።

"የኔዋ ሌሊቱን በእንግሊዝኛ ስትቃዥ ነው ያደረችው" አለች። "እኔ ደግሞ በአማርኛ። ያንቺ ስሟ ማነው?"

"ላሊሴ።"

"ኦሮሞ ነሻ!"

"አይ፣ ጋሞ ነኝ። ስሙን ያወጡላት አከራያችን ናቸው፤ አዴ ድንቅቱ። ስወልዳት አጠገቤ የነበሩት እሳቸው ናቸው።"

"ቤት ውስጥ ጋሞኛ፣ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፤ አሁን ደግሞ እንግሊዝኛ። ምስኪን! በየትኛው ታለቅሳለች ታዲያ?"

ሰልፈኛው ሳቀ። ፀዲም ለይሉኝታ ፈገግ አለች።

እስከ ፋሲካ ድረስ ልጅቷን የሚይዙላት አዴ ድንቅቱ ነበሩ። እግራቸው ሲብስባቸው ሴት ልጃቸው መጥታ ሱሉልታ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህ የላሊሴ ውሎ እናቷ በምትሠራበት በከማል የፍራፍሬ ማከፋፈያ፣ በሳጥን መሐል ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ድርድር የማንጎ ሳጥን ተንዶ ከልጅቷ እግር አንድ ክንድ ርቆ ወደቀ። ከማል ፊቱ አመድ መሰለ። "ከሰኞ ጀምሮ ይህች ልጅ እዚህ እንዳትታይ" አለ። "ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ደሟን ማየት ስለማልፈልግ ነው።"

በሰፈሩ ልጆችን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚያቆየው ይህ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ የክረምት ትምህርቱም ሰኞ ይጀምራል። የሚቀበለው አርባ ልጅ ነው። የተመዘገበው ከዘጠና በላይ።

ባሏ ቲቶ ኮዬ ፈጬ ግንባታ ላይ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል። ትናንት ማታ በስልክ ነገሩን ቆርጦ ነገራት። የአጎቱ ልጅ ሙሴ ከአርባ ምንጭ ለከማል ማንጎ ጭኖ መጥቷል፤ ዛሬ በስምንት ሰዓት አይሱዙውን ባዶ ይዞ ይመለሳል። "ካልተቀበሏት ጋቢና ውስጥ ያስቀምጣታል። ጨንቻ እናቴ ዘንድ ትቆይ። አንድ ዓመት ምን አላት?"

ፀዲ አንድ ዓመት ምን እንዳላት ታውቃለች። አብራት የምትሠራው ቦሰና ልጇን ለአንድ ዓመት ብላ በአራት ዓመቱ አገር ቤት ሰደደችው። ልጁ የተመለሰው በዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ እናቱን "አክስቴ" ነው የሚላት።

በሩ ተከፈተ። "ላሊሴ ቲቶ!"

ፈታኟ ሚስ ሰብሪያ ትባላለች፤ ግራጫ ሻሽ የጠመጠመች፣ ገና በሦስት ሰዓት ተኩል ድካም ዓይኗ ላይ የሚታይባት ወጣት መምህርት። ፀዲን ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። "ወላጅ አይናገርም" አለች። "ፈተናው በካርድ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ።"

ፀዲ ራሷን ነቀነቀች። ልጇ ስድስት ፍሬ ታውቃለች። ከማል ቤት አዲስ ሠራተኛ ሥራ የሚለምደው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የአርባ ምንጭ ማንጎ በስሎም ልጣጩ አረንጓዴ ስለሚሆን ከማል ለዓይን እምነት የለውም፤ "ዓይን ይሸነግልሃል፣ አፍንጫ ግን አይዋሽም" ይላል። ፍሬውን ከግንዱ በተቆረጠበት በኩል አሽትተህ፣ በአውራ ጣትህ ጫን ብለህ፣ ከዚያ ትፈርዳለህ። ፀዲ በዚህ መንገድ ለመደች፤ ላሊሴም እሷን እያየች ለመደች። የፈተናው ወሬ ሲመጣ ፀዲ የእንግሊዝኛውን ስም ከከማል ጠይቃ በዚሁ ጨዋታ ላይ ጨመረችበት። ላሊሴ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ታሸታለች፣ ስሙን ትናገራለች፣ አንድ ቁራጭ ትጎርሳለች። ማንጎ ግን ማስተማር አላስፈለገውም። "አርባ ምንጭ ዛፍ ላይ ሆነሽ እንግሊዝኛ ትናገሪ ነበር ማለት ነው፤ አላወቅሽበትም እንጂ" ብሎ ከማል ቀልዶባታል።

ሚስ ሰብሪያ የመጀመሪያውን ካርድ አነሳች። "ዋት ኢዝ ዚስ?"

ማንጎ ነው። ግን ጉንጩ የቀላ፣ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ፀዲ በሕይወቷ ሸጣው የማታውቀው ዓይነት ማንጎ።

ላሊሴ ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋን ወደ ካርዱ አስጠግታ በረጅሙ ሳበች። ጠበቀች። ደግማ ሳበች። በመስኮት የሚያዩ ልጆች ሳቁ። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገልጣ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ አይሸትም።"

ሙዝ መጣ፤ አሸተተችው። ፓፓያ መጣ፤ በአውራ ጣቷ ጫን ብላ እጇን መለሰች። አንድም ቃል አልወጣትም። ሚስ ሰብሪያ ወረቀቷ ላይ መጻፍ ስትጀምር ፀዲ ሳታውቀው ተነስታ ቆማ ነበር።

"ታውቀዋለች፣ ሚስ! ስሙን በአማርኛ ይጥሩላት፤ ወይ እኔ ልጠይቃት፣ አሁን ስድስት ፍሬ ትነግርዎታለች..."

"እናት፣ ወላጅ አይናገርም ብያለሁ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ። በእግዚአብሔር።"

ሚስ ሰብሪያ ብዕሯን አስቀመጠች። ዛሬ ስንት እናት እንደለመነቻት ከፊቷ ይነበባል። "ልጅቷ ንቁ ናት፤ ይታየኛል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስድስት ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ፣ ደግሜ አያታለሁ። ግን በዚሁ ካርድ ነው። ፍሬ ተሸክመሽ እንዳትመጪ፤ ለሌላው ያላደረግሁትን ለአንቺ አላደርግም።"

ከትምህርት ቤቱ እስከ ማከፋፈያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ፀዲ ልጇን አዝላ በጭቃው ውስጥ ሮጠች። አይሱዙው ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ሙሴ ሸራውን እያጠፈ ነው። "ልብሷን አምጥተሻል?" ብሎ ሲጠይቃት ያልሰማች መስላ አለፈችው።

በከማል ጠረጴዛ ላይ የሙዝ ሳጥን ክዳን ነበር፤ ቢጫ ሙዝ ተስሎበታል። ፀዲ አንስታ ልጇ ፊት ደቀነችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ካርቶን።"

"ላዩ ላይ ያለውስ?"

"ካርቶን ነው፣ እማዬ" አለች ላሊሴ፤ እናቷን ማስረዳት የሰለቻት ይመስል።

ፀዲ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ከማል የሆነውን ሁሉ አስነገራትና ጺሙን እያሻሸ አሰበ። ከዚያ አንድ የበሰለ ማንጎ መርጦ ከሁለት ሰነጠቀው።

"ነይ፣ የኔ ልዕልት" አለና የላሊሴን ቀኝ እጅ ይዞ ጣቶቿን በማንጎው ሥጋ አሻሸ፤ አልፎ አልፎ እፍ እያለ አደረቀላት። "ካርዱ ሲወጣ እጅሽን ታሸቻለሽ። በቃ።"

"ጋሽ ከማል፣ ይሄ ኩረጃ አይደለም ወይ?"

"ኩረጃ የማታውቂውን ስትሰርቂ ነው። እሷ ታውቃለች። የራሷን ነው የምታስታውሰው።"

"መምህርቷ አትይዘኝም?"

"ማንጎ ነጋዴ ማንጎ ቢሸት ማን ይገረማል?"

ፀዲ አልሳቀችም። ግን የልጇን እጅም አላጠበችም። መንገዱን ሙሉ ያቺን እጅ ከጀመረው ዝናብ በሹራቧ ስር ደብቃ ያዘቻት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ባዶ ሆኗል። ሚስ ሰብሪያ ካርዶቹን እንደደከመ ሰው ቀስ ብላ ደረደረቻቸው። የመጀመሪያውን አነሳች።

ላሊሴ እጇን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች። ፊቷ በራ። "ማንጎ!"

ፀዲ ከሰዓታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ሳበች።

ሁለተኛው ካርድ ሙዝ ነበር። ላሊሴ እጇን አሸተተች። "ማንጎ!"

ብርቱካኑም ማንጎ ሆነ። ፓፓያውም ማንጎ ሆነ። ሚስ ሰብሪያ ከእንስሳት ካርድ ውስጥ የላም ሥዕል አውጥታ አሳየቻት፤ ልጅቷ በሙሉ ልብ እጇን አሸተተችና፣ "ማንጎ!" አለች። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል መልስ በማወቋ ኩራት ይዟታል፤ ወደ እናቷም ቁራጯን ለመቀበል አፏን ከፈተች።

መምህርቷ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከዚያ ቀና ብላ ፀዲን አየቻት።

"እኔ ነኝ" አለች ፀዲ። ወደ ልጇ ተጠጋች። "እሷ ምንም አታውቅም። እጇን ማንጎ ያስነካኋት እኔ ነኝ። ሚስ፣ ስሙን ከነጠረኑ ነው ያስተማርኳት፤ እኛ ሥራ ቤት እንደዚያ ነው የሚለመደው። ዓይን ተጨፍኖ ነው።"

"ዓይኗን ጨፍና ነው ያጠናችው?"

"አዎ።"

"ለሥዕል ፈተና?"

ሚስ ሰብሪያ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ፀዲ የተናደደች መስሏት ነበር፤ ስትዞር ግን በሻሿ ጫፍ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ነው። ላሊሴን ይዛ ወጣች። ከግቢው ቧንቧ ሥር በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥባት መለሰቻት። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችውና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረቻት።

"ላሊሴ፣ ይሄ አይሸትም። አይበላም። እጅሽም አሁን አይሸትም። በዓይንሽ ብቻ እዪው እስቲ።"

ልጅቷ አየችው። በጣቷ ጫን አለችው። ገልብጣ ነጭ ጀርባውን መረመረች፤ መልሳ ገለበጠችው። ፀዲ አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ማንጎ አይደለም" አለች ላሊሴ። "የማንጎ ፎቶ ነው።"

"በእንግሊዝኛስ?"

"ማንጎ።"

"ይሄስ?"

"የሙዝ ፎቶ። ባናና።"

ከስምንቱ ካርድ ስድስቱን ተናገረች። ፖም ላይ ስትደርስ፣ "ይሄንን አልበላሁትም" ብላ ገፋችው፤ እንጆሪውንም እንዲሁ።

ሚስ ሰብሪያ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። "አርባው ሞልቷል" አለች በመጨረሻ። "ተጠባባቂ ውስጥ ሁለተኛ አድርጌያታለሁ። ሁልጊዜ የሚቀር ይኖራል፤ ግን ቃል አልገባልሽም። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ይለጠፋል። ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት አምጫት፤ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።"

ከክፍሉ በር ውጪ ዝናቡ አባርቷል። ሰኞ ጠዋት። ሙሴ ግን ዛሬ በስምንት ሰዓት ይነሳል። ፀዲ ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ልታስቀምጣቸው ስትሞክር ስልኳ ጮኸ።

"ፀድዬ!" አለ ቲቶ፤ ከኋላው የሲሚንቶ ማቡኪያ ይንጓጓል። "ሙሴ ደውሎልኝ ነበር፤ እየጠበቀ ነው። እሺ፣ ምን አሏችሁ?"

ላሊሴ ከቧንቧው በእፍኟ ውሃ እየጠጣች ነው። ካልሲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቡናማ ሆኗል።

"ገብታለች" አለች ፀዲ።

"እ?"

"ገብታለች አልኩህ። ሙሴ ይሂድ፤ አይጠብቀን።"

"እውነትሽን ነው? ጌታ ይመስገን!" ከዚያ ስልኩን ከአፉ አርቆ ለሥራ ባልደረቦቹ ሲጮህ ሰማችው፦ "ልጄ ገባች! እንግሊዝኛ ተፈትና ገባች!" የሰዎች ጭብጨባ ተሰማ። ፀዲ ስልኩን ዘጋችና መሬት መሬት እያየች ቆመች። ቃሉን ግን ልትመልሰው አልፈለገችም።

ከመንገዱ ማዶ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር፣ አንዲት ሴት የትምህርት ቤቱን ሰማያዊ ጨርቅ በስፌት መኪና ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። ፀዲ ልጇን ይዛ ተሻገረች።

"ለሰኞ ጠዋት ይደርስልኛል?"

"አሁን ከተለካች ይደርሳል። ተቀበሏት እንዴ?"

ፀዲ ላሊሴን ብድግ አድርጋ በርጩማው ላይ አቆመቻት። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን በልጅቷ ትከሻ ላይ ዘርግታ ለካች፣ ወደ ጉልበቷ አወረደችው፣ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

"ልጅ እንደ ጎመን ነው፣ ሳታዪው ነው የሚያድገው" አለች። "በልኳ ልቁረጠው፣ ወይስ ለከርሞ የሚሆን እጥፋት ልተውለት?"

ፀዲ የትምህርት ቤቱን የተዘጋ በር ዞር ብላ አየች።

"እጥፋት ተዪለት" አለች።