በኅዳር ጽዮን የተፈለገ ስም

ልጄ እንቁ ቡሬ ከተማ ለሦስት ወር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ስትሰለጥን፣ የአስተማሪዎቹ ደንብ ጥብቅ ነበር። የሳምንቱን ሥራ በቀኑ ያላስረከበውን ሁለት ጊዜ ይታገሱታል፣ በሦስተኛው ያሰናብቱታል። ልጄ ሁለቱን ትዕግሥት ጨርሳለች። የሚቀጥለው ማስረከቢያ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ዋለ፤ የደብራችን ንግሥ።

እናቷ እህተ ማርያም ለንግሥ ካልመጣች እንደማታናግራት ስለላከችባት፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብላ፣ ያዋሷትን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ በዋዜማው መጣች። ሥራዋ የወፍጮ ቤት ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ሰው ስሙን ያስመዘግባል፣ መሣሪያው ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያስፈጭ ይናገራል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ስትሞክረው ግን አንድ ሰው ጎደለ። አምስት ስም ስታስገባ አራት ይወጣል። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አርማ ካልላከች ትምህርቷ አበቃ።

ልትሠራ ስትቀመጥ እናቷ ላፕቶፑን ከጭኗ ላይ አነሳችው። በአገራችን በማርያም ዕለት በሬ አይጠመድም፣ ማጭድ አይነሳም። ጤፉ ደርሶ ቆሟል፤ በረዶ ቢወርድ ሰው ሁሉ በዓል የሻረው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። እንቁ በጣት ጫፍ መንካት ሥራ አይደለም ብላ ተከራከረች።

"ሥራ ካልሆነ ቡሬ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" አለቻት እናቷ።

እኔም ሳቄን ዋጥሁት፤ የልጅቱ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበርና።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁ ገበሬ ነኝ፤ ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው የለም። ግን አዲስ ነገር ልትሠራ እንደሆነ ጠየቅኋት። የለም፣ አለችኝ፣ ከሠራሁት ውስጥ የጠፋውን ነው የምፈልገው። ይህን ስሰማ ልቤ ቀለል አለኝ። ሦስታችንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አፋፍ ወጣን፤ ኔትወርክም የሚገኘው እዚያው ነው። የንስሐ አባታችን አባ ገብረሰንበት ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ተሳለምሁና፣

"አባቴ፣ በማርያም ዕለት በሬ ቢጠፋብኝ ልፈልገው ወይስ ልተወው?" አልኋቸው።

"ይፈለጋል እንጂ። ጅብ እስኪበላው ትጠብቃለህ?"

የልጅቱን ነገር አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ላፕቶፑን አዩ፣ ልጅቱንም አዩ።

"ፈልጊ" አሏት። "ስታገኚው ግን አንዲት ነገር ሳትጨምሪ ክደኚው። ደግሞ ተደብቀሽ አይደለም፤ እዚሁ፣ ሰው እያየሽ።"

እንቁ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። እናቷ ፊቷን አዙራ ቆማለች። የሚጠፋው ማን እንደሆነ እኔ ጠየቅሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የተመዘገበው ነው አለችኝ። ለሙከራ ያስገባችው የቤታችንን ሰዎች ስም ኖሯል።

"መጀመሪያ ያስገባሁት እማዬን ነው" አለች ቀስ ብላ።

እህተ ማርያም ዞረች። "እኔ ነኝ የጠፋሁት?"

"አዎ፣ እማ።"

ነጠላዋን ሰብስባ ከልጇ ጎን ቁጭ አለች። "በይ እንግዲህ ፈልጊኝ።"

እንቁ የጻፈችውን ከላይ ጀምራ እየጠቆመች ለእናቷ አስረዳቻት። መካከል ላይ ስትደርስ ስህተቷን አገኘችው። ለካ መሣሪያው ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምር፤ ልጄ ደግሞ እንደ እኛ ከአንድ አስጀምራዋለች። አንዷን ቁጥር አጥፍታ በቦታዋ ዜሮ ብታገባ፣ እህተ ማርያም ከሁሉ በላይ ብቅ አለች። እንቁ መልኩንም ልታሳምረው ፈልጋ ነበር፤ አባ ገብረሰንበትን ቀና ብላ አየችና ላከችው፣ ከደነችውም። ብዙም ሳይቆይ መቀበላቸውን የሚነግር መልእክት በስልኳ ገባ።

ወደ ማታ ከማዶ ጥቁር ደመና ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ ጤፉ ያያል። አልዋሻችሁም፣ እኔም ፈራሁ። እህተ ማርያም ግን በቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ፣ "እመቤቴ፣ ልጄ የፈለገችው እኔን ነው፤ የምትቆጪም ከሆነ እኔን ተቆጪኝ" ስትል ሰማኋት።

ደመናው ሳያንጠባጥብ አለፈ። በማግስቱ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ላፕቶፑን የተሸከመችው እናቷ ናት።