ለሐሙስ የተያዘ ተራ

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ አባቴ ይሙት። አባትህ ድሮ ሞቷል የሚለኝ ካለ፣ ድጋሚ ይሙት። ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለኝም።

ረቡዕ ጠዋት ነው። ባለቤቴ የአንድ ሆቴል መጋረጃ እየሰፋች ሳለ የስፌት መኪናዋን ድንገት አቆመችና ግንባሯን ብረቱ ላይ ደፋች። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር፤ ያውም በአንድ እጄ፣ ያውም ሳላሰምር። ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ሳያሰምር ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር አልተወለደም፤ ቢወለድም አላደገም። መቀሴን አስቀመጥኩ።

"መጣብሽ?" አልኳት።

"መቼ ሄደና" አለች፣ ግንባሯን ሳታነሳ።

የምናወራው ስለ ሕመሟ ነው። የት እንደሚያማት በግልጽ ልናገር፤ ብልቷን ነው። ማህፀኗን አይደለም፣ ወደ ውስጥም አይደለም፤ ውጩን፣ ደጃፉን። ፊታችሁን አታዙሩ፤ እናንተም በዚያው ነው የመጣችሁት። ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፤ ላየው ሰው ደህና ነው። እሷ ግን የጋለ ካውያ ጫፍ አስጠግተው የያዙባት ያህል ነው የምትለው። የውስጥ ልብሷ ሲነካት ያማታል። ሽንቷን ስትሸና ያማታል። ከሁሉ ከሁሉ መቀመጥ አትችልም።

ስለዚህ ቆማ ነው የምትሰፋው። መኪናው በጡብ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ እሷ በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው ፔዳሉን ትረግጣለች። ይህን ዘዴ የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ያሰበው ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይከራከረኝ። የሰፈሩ ሰው ቁጭ ብላ አይቷት ስለማያውቅ "ዘበኛዋ" የሚል ስም አውጥቶላታል። እሷም ዘበኛስ ደመወዝ አለው ብላ ትመልስላቸዋለች።

ይህን ያህል ዓመት የፈጀብን አንድ ቃል ነው። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ ሐኪሙ ታናሽ ወንድሟን የሚያክል ልጅ ሆነባትና የት ነው የሚያምሽ ሲላት "ወገቤን" አለችው። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከእምብርቷ በታች ያለውን ሁሉ ወገቤ ነው የምትለው፤ የሚሰማትም ሰው ገብቶት እንዳልገባው ሆኖ ያልፋል። ያ ልጅ ግን የምር አልገባውም። ወገቧን ራጅ አስነሳት። ራጁ ደህና ነሽ ሲላት ሌላ ሐኪም ቀበቶ አዘዘላት፤ ስንዝር የሚሰፋ፣ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ አለቅጥ የከበደ። ክረምቱን ሙሉ ታጥቃው ከረመች። ቀበቶው ልብሷን ወደ ታች እየጎተተ የሚያማት ቦታ ላይ ያሳርፍባታል፤ እሷ ደግሞ አንዴ ወገቤን ብላለችና መፍታት አፈረች። ጎረቤት ሲጠይቅ ወገቧን ነው ይባላል፤ ደንበኛ ሲጠይቅ ወገቧን ነው ይባላል። ሰው መቼም ደግ ነው፤ አንዷ የወገብ ቅባት ታመጣለች፣ አንዱ ወገብ የሚያሽ ሰው አውቃለሁ ይላል። አንዲት ሴትዮ እንድትቀመጥበት ብላ ከሩቅ አገር ለስላሳ ትራስ አስመጣችላት። ባለቤቴ ትራሱን አቅፋ አመሰገነችና ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ተረቱን የተረተው ሰው እኛን አላየንም፤ እኛ ደብቀንም ቤታችን በመድኃኒት ተሞላ፣ የሌላ ሰው በሽታ መድኃኒት።

ስለ አልጋው የምትጠይቁኝ አትጠፉም። እኔ መንገድ ላይ ስሄድ ሴቶች ምሰሶ የሚገጩልኝ ሰው ነኝ፤ ይህን የማያውቅ ምሰሶ የለም። እንዲህም ሆኜ ከመነኩሴ ብሻል እንጂ አላንስም። በመጀመሪያው ዓመት ትችል ነበር፤ ወይም የምትችል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን መብራቱ ሳይጠፋ ቀርቶ ፊቷን አየሁት። ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች፤ ጥርሱን ሊነቀል ተራው እንደደረሰ ሰው። ከዚያ ወዲህ ትራሴን ይዤ ሳሎን ነኝ። ለሷ ብዬ ነው የወጣሁት። እንዲህ ያለ ባል ስንት አለ?

ወደ ረቡዕ ልመለስ። እውነተኛዋን ሐኪም ያገኘሁላት እኔው ነኝ፤ ከተማውን በእግሬ አስሼ። ሐኪሟ ጎልማሳ ሴት ናት። በሽታው ስም እንዳለው፣ የብዙ ሴት በሽታ እንደሆነ፣ ባለቤቴ እንዳላበደች የነገረቻት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ቅባት ሞከሩ። ነርቭ ያደነዝዛል የተባለ ክኒን ሞከሩ፤ ክኒኑ እሷን አደነዘዘና ሕመሙን ነቅቶ እንዲጠብቃት ተወው። የጡንቻ ማፍታታት ልምምድም አደረገች። የቀረው ኦፕራሲዮን ነው ተባለ፤ የሚያመውን ቆዳ ከደጃፉ ቆርጦ ማውጣት፣ ደህናውን ቆዳ ከውስጥ ስቦ በቦታው መስፋት። ለሐሙስ ጠዋት ተራ ይዛላታለች። እስከ ረቡዕ ምሳ ሰዓት እሺ ወይም እምቢ ካላለች ተራው ለሌላ ሴት ይሰጣል።

ባለቤቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታስበው ከረመች። እኔ ግልጽ ነው አልኳት፤ ጠርዙ የተበላ መጋረጃ ቢመጣልን የተበላውን ቆርጠን፣ ደህናውን አጥፈን እንሰፋለን፤ ሌላ ምን አለው? እሷ መቀሱን እያየች "የቆረጥከው ጨርቅ ባይሆንልህ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። ሌላ ጨርቅ ከጥቅሉ እቆርጣለሁ አልኳት።

"እኔ ጥቅል የለኝም" አለች።

እንግዲህ ግንባሯን ካነሳች በኋላ መጎናጸፊያዋን አነሳችና እንሂድ አለች። ታክሲ ጠራሁ። ሹፌሩን ጆሮውን ይዤ፣ አንዲት ጉድጓድ ብትነካ መሪውን ነቅዬ እወስድብሃለሁ አልኩት፤ ጎማው መሬት ሳይነካ አደረሰን ማለት ይቻላል። ባለቤቴ የኋላ ወንበር ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ፊቷን ወደ ኋላ መስታወት አዙራ ነው የሄደችው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ናት። ከኋላችን ያለው መኪና ውስጥ የነበረች ሕፃን እጇን አወዛወዘችላት፤ እሷም እጇን አወዛወዘች።

ሐኪም ቤቱ ሰው እስከ ደጅ ሞልቶት ነበር። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ። ስሟ ሲጠራ በሩን በእግሬ ከፈትኩና ባለቤቴን አስቀድሜ ገባሁ። ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሳች። እኔም ቁጭ በይ ብዬ ፈቀድኩላት፤ ከዚያ የስፌትን ነገር አስረዳኋት። ጠርዝ ሲሰፋ ክር ከበዛ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ካነሰ ይተረተራል፣ መርፌው ደግሞ ለጨርቁ መመረጥ አለበት። ሐኪሟ ይህን ሁሉ ስትጽፍ ብዕሯ አለቀባትና የእኔን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ዋናውን ነገር አነሳሁ።

"ትድናለች ወይስ አትድንም?"

"ትድናለች፣ ጌታዬ" አለችኝ።

"ስንት በመቶ?"

"መቶ በመቶ። እርስዎን የመሰለ ባል ላላትማ መቶ ሃያ።"

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ትከሻዬ ላይ ወድቃ ላንተ ስል እገባለሁ አለችኝ። እኔም ለእኔ ብለሽማ አይሆንም፣ እኔ ሌላ ስድሳ ዓመት መታገሥ እችላለሁ አልኳት። ሐኪሟ ዓይኗን ጠረገች። ከኮሪደሩ ጭብጨባ የሰማሁ መሰለኝ፤ ይህንን አንዱን ብቻ አልምልበትም። ባለቤቴ እየሳቀች ፈረመች፤ እየዘፈንን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ታሪኩ ይኸው ነው። ልክ አሁን ለእናንተ እንዳወራሁት አድርጌ ከሰዓት በኋላ ለታላቅ እህቷ አወራሁላት። እህቷ ሱቃችን ብቅ ያለችው እሺ ትበል እምቢ ለማወቅ ነው። ወንበሬን ሰጠኋትና መቶ ሃያ በመቶው ጋ ስደርስ ተነስቼ ቆምኩ። ባለቤቴ ከጥግ ሆና የተሰፋውን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

"አልገባም" አለች።

"ማን?" አለች እህቷ።

"እሱ፣ እትዬ። በሩ ድረስ መጣ። ስሜ ሲጠራ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። ስልኩ አልጮኸም።"

ድምፁን ዘግቼው ስለነበር ነው ያልጮኸው። ይህን ተናገርኩ። ሁለቱም ወደ እኔ አልዞሩም።

ባለቤቴ ድምጿን ሳትጨምር፣ የመጋረጃውን እጥፋት በመዳፏ እያስተካከለች ቀጠለች። ሐኪሟ እንደገና አስተኝታት በጥጥ ጫፍ ነካክታታለች። አንድ ቦታ ላይ ቢሆን ቆርጦ ማውጣቱ ይቀል ነበር፣ ያንቺ ግን ዙሪያውን ነው ብላታለች። ኦፕራሲዮኑ የሚሻላቸው ብዙ ሴቶች አሉ፣ እንደነበሩ የሚቀሩ አሉ፣ የሚብስባቸውም አሉ፤ ላንቺ ቃል ልገባልሽ አልችልም ብላታለች።

"ካልሆነስ ከዚያ በኋላ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት" አለች ባለቤቴ። "ዝም አለች። ደግ ሰው ናት፣ ዓይኔን እያየች ነው ዝም ያለችው።"

እህቷ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ከዚያ ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን ተይው አትያትም፣ ገና ለገና ብለሽ ሰውነትሽን ለምን ታስቆርጫለሽ አለቻት። እኔም በዚህ አጋጣሚ ሐኪሟ መቶ በመቶ ማለቷን ለማስታወስ አፌን ከፈትኩ፤ ባለቤቴ ግን ቀደመችኝ።

"እሺ ብዬ ፈርሜያለሁ። አልሳቅኩም፣ ለማንም ስልም አላልኩም፤ እሱ ደጅ ነበር፣ ለማን እላለሁ? እድናለሁ ብዬም አይደለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ሕመሙንስ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ምናልባትን ነው። ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር ምናልባት ይህን ብሞክር፣ ምናልባት ያኛው ሐኪም ጋ ብሄድ እላለሁ። ቀኔን የሚበላው እሱ ነው። ነገ ተቆርጦም ካልሆነ ከዚያ ወዲያ የምመኘው ነገር አይኖርም። አርፋለሁ።"

እህቷ ተነስታ ወደ ጥጉ ሄደችና አጠገቧ ቆመች። ወንበሩ ባዶውን ቀረ፤ እኔም አልተቀመጥኩበትም።

ባለቤቴ ነገ ጠዋት ትመጪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እህቷ እመጣለሁ አለች። እኔም በበኩሌ እንደ አንበሳ አብሬ እንደምሄድ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ንቅንቅ እንደማልል ተናገርኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ የለባትም፤ የደከማት ሰው ነው የምትመስለው።

"አንተ ቅር" አለችኝ። "ሐኪሟ ወጥታ የምትለውን ሳይጨምር የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።"